«እርስዎ» ያላት ቀን

ኦዲል ሞንታልዬ ያን እሑድ ከሰዓት የተሰጣት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ አፏን ዘግታ መጻፍ። የሳንት ባርብ ጎልፍ ክለብ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ታላቅ ውድድር የመጨረሻ ቀን ነው። ለዋንጫው የቀሩትን ሁለት ተጫዋቾች ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተከተለች፣ ማን በስንት ምት ኳሱን እንዳስገባ ትመዘግባለች፤ ምቱ ያነሰው ያሸንፋል። አጠገባቸው ትሄዳለች፣ ግን አታናግራቸውም። ጎልፍ ተጫዋች ሜዳ ላይ እያለ አፍ ለአፍ የሚመካከረው ዱላውን ከተሸከመለት ሰው ጋር ብቻ ነው። የክለቡ ሊቀ መንበር ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ሞንታልዬ ደግሞ ለገዛ ልጃቸው ሲሆን ሕጉን ጠበቅ አደረጉት።

«ከተጫዋቾቹም ከተሸካሚዎቹም ጋር አንዲት ቃል እንዳትለዋወጪ። ሰላምታም ቢሆን» አሏት ጠዋት፣ የውጤት ሰሌዳውን እጀታ እያስጨበጧት።

«እሺ አባባ» አለች።

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። ከሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሃርግሪቭ የሚባል፣ ፒፓው ከአፉ የማይለይ ረጅም እንግሊዛዊ ነው፤ እሱን ሳያናግሩ መዋል አይከብድም። ሌላው ግን ቤኛት ነው።

ቤኛት ሃሪስፔ የዚያው፣ ፈረንሳይና ስፔን የሚዋሰኑበት የባስክ ጠረፍ ልጅ ነው። ከባሕሩ ጀርባ ባሉት ኮረብቶች ላይ በቆሎና ቀይ በርበሬ ከሚያመርቱ ገበሬዎች ተወልዶ፣ ገና ጢሙ ሳያጎነቁል የሀብታም ዱላ ተሸካሚ ሆነ። ከዚያ ዱላ ጠጋኝ፣ ከዚያ የአባላቱ አሰልጣኝ፣ አሁን ደግሞ ስሙ ከፓሪስ ጋዜጣ የማይጠፋ ተጫዋች። ካዛብላንካ ላይ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ሊዝበን ላይ አሸንፏል። ይህን ሁሉ ሆኖም በሳንት ባርብ የምግብ አዳራሽ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሾርባ ቀምሶ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ተቀጣሪ ተጫዋች በጓሮ በር ነበር የሚገባው። አባላቱ «አንተ» ይሉታል፣ እሱ «እርስዎ» ይላቸዋል። ዋንጫም ቢያመጣ አንተ ነው።

ኦዲል ጨዋታውን ልማር ብላ ከእጁ ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ዱላ አያያዝ አስተማራት። ከዚያ በኋላ ምን ሲማማሩ እንደከረሙ ጥዱ ይቁጠረው! ከጥዶቹ ጀርባ፣ አባል በሌለበት፣ ማዕረጉ ሁሉ ይቀርና «አንቺ» ይላታል፣ «አንተ» ትለዋለች። ያቺ «አንቺ» የምትባል ቃል ለኦዲል ከወርቅ ትበልጥባት ነበር። ምክንያቱም እሷ ባደገችበት ቤት፣ ለልጅ ትእዛዝ ሲሰጥ ካልሆነ በቀር፣ ሁሉም ለሁሉም እርስዎ ነው። አባቷና እናቷ እርስዎ እየተባባሉ ቁርስ ይበላሉ፣ እርስዎ እየተባባሉ ይቀያየማሉ፣ ከዚያ ደህና ይደሩ ተባብለው በየክፍላቸው ይገባሉ። ኦዲል ከልጅነቷ ጀምሮ የዚያን ቃል ትርጉም በሮች ሲዘጉ እየሰማች ነው የተማረችው።

እናም ባለፈው መስከረም፣ ዝናብ አስጠልሏቸው ከዱላ መጠገኛው ክፍል ብቻቸውን ሳሉ፣ ቤኛት የያዘውን ብርጭቆ ወረቀት አስቀምጦ፣ «ቦነስ አይረስ ያለ አንድ ክለብ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሊወስደኝ ይፈልጋል» አለ። ቀና ብሎም ዓይኗን ትክ ብሎ እያየ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «እርስዎ ምን ይላሉ?» አላት።

እርስዎ!

ኦዲል ክው አለች። ገፋኝ አለች በልቧ፤ ወደ አባቴ ወገን መልሶ ወረወረኝ። ኩራቷ ቀድሟት አገጯን ቀና አደረገችና፣ «እኔ ምን አገባኝ? አንተ ታውቃለህ» አለችው። የእሱም ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ቀን ወዲያ በተገናኙ ቁጥር እሱ እርስዎ፣ እሷ አንተ። ከካዛብላንካ «እርስዎን እያሰብኩ ነው» የሚል ፖስት ካርድ ቢልክላት ቀደደችው፣ ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብላ አለቀሰችበት።

ዛሬ ማታ ከውድድሩ በኋላ በባቡር ወደ ቦርዶ ይሄዳል። ነገ መርከብ፣ ወደ ቦነስ አይረስ። መላው ክለብ ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሦስት እርምጃ ከፊቷ የሚሄደውን ያን ሰፊ ትከሻ እያየች፣ ማታ ካመለጣት ዕድሜ ልኳን እንደሚያመልጣት ገባት።

አሥራ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ሃርግሪቭ በአንድ ምት እየመራ ነበር። እዚያ ቆሙ። ከፊታቸው ያሉት ተጫዋቾች ኳስ እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ጠፍታባቸው ይፈልጋሉ። ሃርግሪቭ ፒፓውን አወጣ። ቤኛት ጀርባውን ለኦዲል ሰጥቶ ባሕሩን ያያል። አጎቱ ጋኒሽ፣ ዱላ ተሸካሚው፣ የዱላውን ከረጢት ተደግፈው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

ተመልካች ማናገር አልተከለከለም። ኦዲል ጭንቋን ለመርሳት ተመልካቹን ወደከለለው ገመድ ጠጋ አለች። ከገመዱ ወዲያ አንድ ቤሬ ቆብ ያጠለቁ ሽማግሌና፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ኬክ ደረታቸው ላይ ያቀፉ ሴት ቆመዋል።

«አንተ ጋኒሽ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «ያ ጉልበትህ ይችላል ወይስ እኔ ልምጣ?»

«አንተማ ከመጣህ ዱላውን ማገዶ መስሎህ ትፈልጠዋለህ!» አሉ ጋኒሽ።

ሽማግሌው እየሳቁ ወደ ሴትዮዋ ዞሩና ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «ግራሺ፣ ነፋሱ አይጎዳዎትም? እስቲ ወደኔ ጠጋ ይበሉ።»

ኦዲል ሰማች። የቤኛት አባትና እናት መሆናቸውን ከሽማግሌው አፍንጫ አውቃለች፤ ያ አፍንጫ ከፊቷ እየሄደ ነው የዋለው። ለወንድማቸው አንተ፣ ለሚስታቸው ግን እርስዎ? ምን ቢቀያየሙ ነው? አላስችል አላት።

«ማዳም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ባለቤትዎ ተቀይመዋል እንዴ?»

«ማን? ኤራሙን? በምን?»

«አይ... እርስዎ ሲሉዎት ሰምቼ ነው።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ አፈጠጡባት። ከዚያ ኬኩ ከእጃቸው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቁ።

«ኤራሙን፣ ይስሙ እንጂ! ይህች ልጅ ተጣልታችኋል ወይ ትለኛለች!»

«የከተማ ልጅ ናታ» አሉ ሽማግሌው፣ የበሽታ ስም እንደሚጠሩ ሁሉ።

«ስሚ የኔ ልጅ» አሉ ግራሺ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በኛ መንደር ወንድ አንቺ የሚለው እህቱን ነው። ላሟንም ነው። አብራው ያደገችውንም አንቺ ይላታል፣ ይሰድባታል፣ ያባርራታል። ላገባት ብሎ የቆረጠ ቀን ግን ያ ጨዋታ አበቃ። እርስዎ ይላታል። እስክትሞት እርስዎ ናት። በባስክኛም እንዲህ ነው የምንለው፣ በፈረንሳይኛም ስናወራ አይለቀንም።»

«ሌላ ምንም ሳይነግራት?»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይንገራት? እኛ ቤት በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ፣ ሰው ግጥም ብሎ፣ ኤራሙን 'ግራሺ፣ ያንን ቅርጫት ያቀብሉኝ' አሉኝ። ያቀብሉኝ! ትናንት እኮ 'አንቺ ጉረኛ' ነበርኩ። ቅርጫቱ ከእጄ አመለጠ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ እናቴ አለቀሰች። ከዚያማ ወደ ቄሱ ነው የሄድነው።»

ኦዲል ገመዱን ጨበጠች። «ሴቲቱስ? ምን ብላ ትመልሳለች?»

«ከፈለገችው እርስዎ ትለዋለች። ካልፈለገችው አንተ ብላው ትቀጥላለች። ያኔ ቁርጡን ያውቅና ሄዶ የሚያለቅስበት ያለቅሳል። ምነው ልጄ? አመመሽ እንዴ?»

ኦዲል ወደ ቤኛት ጀርባ ዞረች። እርሳሷ ሣሩ ላይ ወድቋል። ያ ዝናብ፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ያ ዓይን! እርስዎ ምን ይላሉ! አግቢኝ እኮ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ፣ እኔ ደንቆሮዋ፣ አንተ ታውቃለህ አልኩት። አባቴ ጫማቸውን ለሚጠርግላቸው ሰው እንደሚሉት አልኩት። ከመስከረም ጀምሮ እርስዎ ሲለኝ እየለመነኝ ነበር፣ እኔም አንተ ባልኩት ቁጥር እንቢ እያልኩት ነበር።

ማፈሯን አፍራለች። ግን ከሐፍረቷ ሥር እየገነፈለ የመጣው ደስታ ነበር።

አሥራ አምስተኛው እንዴት እንዳለቀ ኦዲል አታውቅም፤ እጇ በራሱ ጽፎታል። አሥራ ስድስተኛው ላይ፣ የሜዳው አንድ ጎን ወደ ባሕር የሚያዘቀዝቅ ገደል በሆነበት፣ ቤኛት ሊመታ ዱላውን አስተካክሎ አንድ ጊዜ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ኦዲል ሳቀች። ማናገር ባትችል እንኳ ፊቷ ይንገረው ብላ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኗ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ አለችለት። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ አይታው አታውቅም።

ቤኛት ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ፊቱ ሲጠቁር ታያት። በእሱ መሄድ ደስ ብሏት የምትስቅ መስሎታል! ዱላውን በንዴት ሲያወርድ ኳሷ ወደ ግራ ተጠመዘዘች፣ ገደሉን አልፋ ወደ ባሕሩ ወረደች።

«ምን ነካህ አንተ!» አሉ ጋኒሽ። «ባሕሩ ኳስ አልራበውም!»

ከዚያ ጉድጓድ ሲወጡ ቤኛት በሁለት ምት ወደ ኋላ ቀርቷል። ተመልካቹ ያጉረመርማል። ኦዲል ከንፈሯን ነክሳ ሰሌዳውን ትጎትታለች፤ ለፍቅር ብላ የሳቀችው ሳቅ ዋንጫውን ሊያስነጥቀው ነው። ቤኛት አጠገቧ ሲደርስ እርምጃውን ቀነስ አደረገ። ሳያያት፣ በሹክሹክታ፣ «ይሳቁ፣ ይሳቁ» አላት። «ማታ እሄድልዎታለሁ።»

አፏን ከፈተች። ከገመዱ ዳር የቆመው ዳኛ ዓይኑን ተክሎባታል። ከተናገረች ቤኛት ይቀጣል። አፏን ዘጋች።

አሥራ ሰባተኛውን ቤኛት በእልህ ነው የተጫወተው። እንደዚያ ሲመታ አይታ አታውቅም። ከጥዶቹ አናት በላይ ኳሷን አጉኗት ባንዲራው ሥር ጣላት፣ ሄዶም በአንዲት መግፋት ከተታት። ገመዱ ዳር ያሉት የመንደሩ ሰዎች ቤሬያቸውን አውልቀው አራገቡ። አሁን የሚበለጠው በአንድ ምት ብቻ ነው።

አሥራ ስምንተኛው ሽቅብ ነው፤ ወደ ክለቡ ሕንፃ፣ አባላቱ ነጫጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደሚያዩበት ሰገነት። ሃርግሪቭ እንደ ሰዓት ተጫውቶ ኳሱን ከተተ። ለቤኛት አንዲት ረጅም መግፋት ቀረችው፤ ከገባች እኩል ይሆናሉ፣ ከሳተች ያለቀለት ነው። ቁጢጥ ብሎ ሣሩን አየ። ተነሳ፣ ገፋት። ኳሷ ዳገቱን ወጣች፣ ከላይ ደርሳ ያመነታች መሰለች፣ ከዚያ ዞር ብላ ቁልቁል ተንከባለለች።

ገባች።

ሰገነቱ ላይ ያሉት እንኳ ከወንበራቸው ተነሱ። ኦዲል ቁጥሩን ስትጽፍ አጣመመችው። እኩል! ሕጉ ደግሞ እኩል ከሆኑ ወዲያው ተመልሰው በመጀመሪያው ጉድጓድ እንዲለያዩ ነው፤ ቀድሞ የበለጠ ያሸንፋል።

ሙሴ ሞንታልዬ ከሰገነቱ ወርደው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉ። በዚያው ቅጽበት ጋኒሽ «ዋይ!» ብለው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጉልበቴ አለቀ» አሉ። «ሽቅቡን ወጣሁት፣ ቁልቁሉን ግን እንጃ። ሌላ ሰው ፈልግ ልጄ።»

«እኔው እሸከማለሁ» አለ ቤኛት። አንገቱን ደፍቷል።

«ከኩሽናው አንድ ሰው ይጠራ» አሉ ሙሴ ሞንታልዬ። «ቶሎ በሉ። እንግዶቹ ይጠብቃሉ።»

ያን ጊዜ ነው ኦዲል ሐሳቡ እንደ ብርሃን ቦግ ያለላት። ሕጉን በልቧ ደገመችው። ተጫዋቹን ማናገር የሚችለው ማነው? ዱላውን የተሸከመ!

«አባባ፣ ይህን ይያዙልኝ» ብላ ሰሌዳውን ለአባቷ አስጨበጠች። ሄደችና ከረጢቱን ከጋኒሽ አጠገብ አነሳች። ከበዳት። ጠፍሩ ትከሻዋን ሲቆርጣት ቆማ አስተካከለችው።

«ኦዲል!» የአባቷ ድምፅ ቀጠነ። «እንዴ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ይሄ ሁሉ አባል እያየሽ! አስቀምጪው።»

«አላስቀምጥም።»

«ያንን ነገር ተሸክመሽ ከሄድሽ ነገ እዚህ ሰገነት ላይ ማን አጠገብ ትቀመጫለሽ?»

«መቀመጥ ሰልችቶኛል አባባ» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ቁልቁል ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ሲወርዱ ቤኛት አንዴም አላያትም። ጆሮው ግን ቀልቷል። መጫወቻው ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ጸጥ አለ። ሃርግሪቭ ቀድሞ መታ፤ ቀጥ ያለች፣ ጨዋ ምት። ቤኛት ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

ኦዲል ትንፋሽዋን ሰበሰበች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ትችል ነበር፤ አላደረገችም።

«ሙሴ ሃሪስፔ» አለች፣ ሁሉም እየሰማት። «የትኛውን ዱላ ልስጥዎት?»

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከአባላቱ መሀል አንዲት ሴት «እርስዎ አለችው?» ስትል ተሰማ። ከገመዱ ወዲያ ግራሺ ኬኩን ለባላቸው ጣል አድርገው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ማንም ሳያስረዳቸው ነገሩ ገብቷቸዋል።

ቤኛት ቀስ ብሎ ዞረ። «ምን አሉኝ?»

«እርስዎ አልኩዎት።»

«እየቀለዱብኝ ከሆነ...»

«እናትዎን አግኝቻቸው ነበር። ስለ ቅርጫቱ ነገሩኝ።»

ደሙ ከአንገቱ እስከ ግንባሩ ወጣ። «እናቴ ነገረችሽ? ማለቴ... ነገረችዎት?»

«እኔ እኮ አላወቅሁም!» አለች፣ እንባዋም ሳቋም ተደባልቆ። «እኛ ቤት እርስዎ ማለት ደህና ይደሩ፣ በሩን ይዝጉ ማለት ነው። የገፉኝ መስሎኝ እኮ ነው! ከመስከረም ጀምሮ ሳለቅስ ነው የኖርኩት።»

«እኔስ?» አለ። «ሕይወቴን ሙሉ ሰጥቼ እርስዎ ምን ይላሉ ስልዎት፣ አንተ ታውቃለህ አሉኝ። ኳስ እንደሚያመጣ ልጅ! ያን ዕለት የሠራሁትን ዱላ ሰብሬ ነው የወጣሁት።»

«ይሰበር። ሌላ ይሠራሉ።»

«እና አሁን... ይሄ መልስ ነው?»

«መልስ ነው።»

«ቦነስ አይረስ ድረስ?»

«እዚያ ዱላ ተሸካሚ አይፈልጉም?»

ቤኛት ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ያልሳቀውን ሁሉ አንድ ላይ ሳቀው። ሃርግሪቭ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ፣ በዚያ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛው፣ «ይቅርታ፣ ውድድሩን ብንቀጥል ቅር ይላችኋል?» አለ። ተመልካቹ በሳቅ አውካካ። ዳኛውም እየሳቀ፣ «ይምቱ ሙሴ ሃሪስፔ፣ ይምቱ» አለ።

መታ። ያቺ ኳስ ወዴት እንደሄደች ለማየት ሰው ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። ሁለተኛዋም ምት ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ ሣር ላይ ጣለቻት፤ ከጫፉ ቢሆንም። ኦዲል ከረጢቱን ተሸክማ ከጎኑ ስትሮጥ ክብደቱን ረስታው ነበር።

ሃርግሪቭ በአራት ምት ጨረሰ። ቤኛት በሦስተኛው ካስገባ ዋንጫው የሱ ነው። ግን ሩቅ ነው፤ ከቆመበት ጉድጓዱ አይታይም።

«ባንዲራውን ይያዙልኝ» አላት። «ኳሷ ስትቀርብ ይንቀሉት። ከነካችው ሁለት ምት ይቀጡኛል፣ አለቀልን።»

ኦዲል ሄዳ ባንዲራውን ጨበጠች። ነፋሱ ጨርቁን ያርገበግበዋል። ቤኛት አጎንብሶ ርቀቱን ለካ፣ እሷም ታየዋለች፤ ያን ሰፊ ትከሻ፣ ያን የአባቱን አፍንጫ፣ ያን ሊሄድብኝ ነው ብላ ስትሰናበተው የዋለችውን ሰው። የኔ ነው አለች። እንዴት እንደምወደው! ይሄን ስታስብ ኳሷ መነሳቷን እንኳ አላስተዋለችም።

«ባንዲራውን!» ብሎ አንድ ድምፅ አንባረቀ። ጋኒሽ ናቸው፤ በዚያ ጉልበት እየተንፏቀቁ ደርሰዋል። «ልጄ፣ ባንዲራውን ንቀይው! ንቀይው!»

ኦዲል ቁልቁል አየች። ኳሷ እየመጣች ነው፣ ሁለት ክንድ ቀርቷታል። ሳብ አደረገች፤ እንጨቱ አልነቀል አለ። ሕዝቡ ጮኸ። ኳሷ አንድ ክንድ ቀራት። ኦዲል በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ እግሯን አንፈራጣ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ላይ ጎተተችው፤ እንጨቱ ድንገት ለቀቀና በጀርባዋ ሣሩ ላይ ዘረጋት። ሰማዩን እያየች ሳለ ከጆሮዋ አጠገብ ኳሷ ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ ሰማቻት።

ከዚያ የሆነውን የባስክ ጠረፍ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። ገመዱ ተበጠሰ። ኤራሙን ኬኩን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው ሮጡ። ሃርግሪቭ ባርኔጣውን አንስቶ መጀመሪያ ለኦዲል፣ ቀጥሎ ለቤኛት እጅ ነሳ። ቤኛት ግን ዋንጫም ሰውም አላየም። ከወደቀችበት አጠገብ ተንበርክኮ፣ «ተጎዱ?» ይላታል። «ምንዎን ነው? ይናገሩ እንጂ!»

«ደህና ነኝ። ባቡሩ ግን...»

«ይሂድ ባቡሩ! መርከብ በየወሩ አለ። መጀመሪያ ቄስ እንፈልጋለን» አላትና ባንዲራውን ከነእጇ ይዞ አስነሳት።

ሙሴ ሞንታልዬ በሕዝቡ መሀል ቀስ ብለው መጡ። ሰሌዳውን አሁንም እንደያዙት ነው፤ የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸዋል። ልጃቸውን አዩአት። ቀሚሷ አረንጓዴ ሆኗል፣ ጸጉሯ ተፈቷል፣ ትከሻዋ ላይ የጠፍሩ ቅላት ይታያል። ሊቆጡ ነበር የመጡት። ሲናገሩ ግን ቁጣው ጠፍቶባቸው ነበር።

«እናትሽ ሰገነቱ ላይ ናቸው» አሉ። «ሄጄ ምን ልበላቸው?»

ኦዲል አባቷን በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ግራ ተጋብተው አይታቸው አታውቅም። አዘነችላቸው። ቀርባ ጉንጫቸውን ሳመችና፣

«ደስ ብሏታል ይበሏቸው አባባ» አለች። «ልጅዎ ደስ ብሏታል። በጣም ደስ ብሏታል።»

ሙሴ ሞንታልዬ ቃሉን በከንፈራቸው ደገሙት፣ እንዳይጠፋባቸው የሚሰጉ ይመስል። ከዚያ ዞረው፣ ለሚስታቸው ሊነግሩ፣ ዳገቱን ፈጠን ፈጠን እያሉ መውጣት ጀመሩ።